የዘሀራ መርፌዎች

እሑድ፣ የካቲት 2

ሽታው ከኔ ግቢ ነው። የነገሩኝ እትዬ ረድያ ናቸው፣ በአጥሩ በኩል። «ሰይዶ፣ አትቀየመኝና ግቢህ ሸቷል» አሉኝ። ጎረቤቴ ናቸው። ሚስቴ ዘሀራ ከሞተች ወዲህ ምሳና እራቴን በአጥር የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው። አልተቀየምኩም። ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ከኩሽናው ጀርባ ከለቅሶው ጊዜ ጀምሮ የተከመረ ቆሻሻ አለ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ቲማቲም፣ ፌስታል፣ አመድ፣ ሁሉም ተዘባርቆ። ዝንቡ አይጣል ነው። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ። አፍንጫዬ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ዘሀራ እንዲህ አታደርግም። ልጣጩ ለእትዬ ረድያ ፍየሎች ይሄዳል። አመዱ ለብቻው በቆርቆሮ ይቀመጣል። ሃይላንዱ ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ጆንያ ይጠራቀምና ቆራሌው ሲያልፍ ይሰጠዋል። ብርጭቆ ከተሰበረ በካርቶን ጠቅልላ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ስትመጣ «ይሄ ብርጭቆ ነው፣ እጅሽን» እያለች በእጇ ነበር የምትሰጣት። ይሄን ሁሉ ሳይ ኖሬአለሁ። ሠርቼው ግን አላውቅም። የኔ ሥራ ፓምፕ ነው። ከቆቦ እስከ ዋጃ የመስኖ ፓምፕ ሲቆም የሚጠራው ሰይድ ነው። የቤቱን ነገር የምታስኬደው እሷ ነበረች።

ዛሬ ሁሉንም በአካፋ ዝቄ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። አልለየሁም። ለነገ የዘይት መያዣ ያስፈልገኝ ነበር፣ የኔዎቹ ሁሉ ያፈሳሉ። ቁም ሳጥኑ ላይ ያንን ወፍራሙን ነጭ ጀሪካን አየሁ። የመርፌዋ ማጠራቀሚያ ነው። ጠዋትና ማታ የስኳሯን መድኃኒት ከተወጋች በኋላ እዚያ ነበር የምትጥለው። ክዳኑን ከፍቼ ጆንያው ውስጥ ገለበጥኩት። ተንኮሻኮሸ። ጀሪካኑን በሳሙና አጠብኩት። ደህና ጀሪካን ነው፣ አያፈስም።

ማታ ፈቲያ ከደሴ ደወለች። ያለችን ልጅ እሷው ናት። «አባዬ በላህ?» አለች። በላሁ አልኩ። ጻፍ ያለችኝም እሷ ናት፣ ከሰው ካላወራህ ቢያንስ ጻፈው ብላ። ቤቱን ጠረግኩት ስላት አለቀሰች። ምኑ እንዳስለቀሳት አልገባኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ብርቄ ተወጋች።

ጠዋት የአህያ ጋሪዋን ጥጉ ላይ አቁማ መጣች። ሰፈራችንን የምታዳርሰው እሷ ናት፣ ከማኅበሩ። «አያ ሰይድ፣ ዛሬስ አለህ እንዴ!» አለች፣ ደስ ብሏት። ከለቅሶው ወዲህ በሩን ከፍቼላት አላውቅም። እኔ ሞተሬ ላይ መፍቻዎቼን እያሰርኩ ነበር። ጆንያው እዚያ አለ አልኳት በአገጬ። እንደ ልማዷ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋው ወጣች።

ጋሪው ዘንድ አልደረሰችም። ጮኸች። ትልቅ ጩኸት አይደለም፣ እሾህ የወጋው ሰው እንደሚጮኸው። ስወጣ ጆንያው መሬት ላይ ነው። እሷ ወገቧ ላይ የተሰካውን ነገር በሁለት ጣቷ ይዛ ነቀለችው። አየችው። እኔም አየሁት። ጫፏ ቀጭን፣ ክዳን የሌላት ትንሽ መርፌ። ቀሚሷ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ደም።

«ምንድነው ይሄ አያ ሰይድ?»

ባጃጅ አስቆምኩ። አህያዋን ለእትዬ ረድያ ሰጠናት። መንገድ ላይ «የሷ ነው?» አለች። አዎ አልኩ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ አሳጠበቻት፣ ረጅም ጊዜ። አትጭመቂው አለቻት። ከዚያ ወደ ኔ ዞረች።

«መርፌው የማን ነው?»

«የሚስቴ።»

«ባለቤትዎ አሁን የት ናቸው? ደማቸውን ብናይ ይቀለናል።»

«ሞታለች።»

እስካሁን ሌላ ሰው ነበር የሚልልኝ። ለመጣው ሁሉ እትዬ ረድያ ይነግራሉ፣ ፈቲያ ትነግራለች፣ ኢማሙ ይናገራሉ። በራሴ አፍ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ እንደማንኛውም ቃል ወጣ። ነርሷ «ነፍስ ይማር» አለችና ጽሑፏን ቀጠለች።

የመከላከያ መድኃኒት ጀመረችላት። ኤች አይ ቪ ቢኖር እንዳይዛት ነው፣ በጊዜ ሲጀመር ነው የሚሠራው፣ ለአንድ ወር ሳያቋርጡ ይዋጣል። ለጉበት ቫይረስም ክትባት ወጋቻት። የዛሬው ምርመራዋ ነፃ ነው፤ ግን ዛሬ ነፃ መሆን ለዛሬው መርፌ መልስ አይሆንም፣ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል አለች። «ሊይዛት የሚችልበት ዕድል ትንሽ ነው» አለች። ብርቄ «ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ አይታት «ትንሽ ነው እህቴ» አለች።

እኔንም ረቡዕ ይምጡ ብላኛለች፣ ለምርመራ። የቀሩትን መርፌዎች ደግሞ በእጅዎ እንዳይነኩ፣ ወፍራም ክዳን ያለው ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው እዚህ ያምጡልኝ፣ እኛ እናቃጥላለን አለች። ወፍራም ክዳን ያለው ፕላስቲክ። ጀሪካኑ ሞተሬ ላይ ታስሮ ነው የዋለው፣ ዘይት ሞልቶ።

ጆንያውን ጎትቼ ወደ ግቢ መለስኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዋጃ መንገድ ላይ አንድ የሽንኩርት እርሻ ፓምፕ ቆሞ ነበር። ፈታሁት። ውሃ የሚዘጋው ጎሚኒ አልቋል። ቀየርኩ፣ ገጠምኩ፣ ውሃው መጣ። ገበሬው መረቀኝ። አሚን አልኩ። ነፋሱ አቧራውን ያነሳዋል፣ ዓይን አይገልጥም። እንዲህ ሲሆን ሥራ ደስ ይለኛል፤ አሁንም እጄ ያውቀዋል፣ እኔ ባልኖርም እሱ ይሠራል።

ብርቄ ሥራ አልወጣችም። ሌላ ሴት ነበረች ጋሪውን የምትነዳው።

ስመለስ እትዬ ረድያ ምግብ ይዘው ቆመዋል። ሰሃኑን አልሰጡኝም። «ሰይዶ፣ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ሰምተሃል?» አሉ። አልሰማሁም። «ለብርቄ የዚያን በሽታ መድኃኒት ሰጧት፣ ስለዚህ ዘሀራም የሞተችው በስኳር አይደለም ይላሉ።» ከዘሀራ ጋር ጡት የተጣቡ ያህል ነበሩ። «አንተ ዝም ትላለህ?»

ሰሃኑን ተቀበልኩና ገባሁ። ሽሮ ነበር። ጨው ይኑረው አይኑረው አላስታውስም።

ፈቲያም ሰምታለች። ማን እንደነገራት እንጃ፣ ከቆቦ ወሬ ደሴ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። ጮኸችብኝ። ልጄ ጮኻብኝ አታውቅም።

«አባዬ፣ ያ ጆንያ የኛ ነው ብለህ የተናገርከው አንተ ነህ?»

«የኛ ነዋ።»

«ጋሪው ላይ የስንት ሰው ቆሻሻ አለ! ለምን አረጋገጥክላቸው? አሁን የእማዬን ስም ማን ያጸዳዋል?»

ጋሪው ላይ ሳይደርስ ነው የወጋት አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተመረመርኩ። ነፃ ነኝ። ነርሷ ፈገግ ብላ ነገረችኝ፣ እኔም እንደሷ ፈገግ አልኩ፣ ፈገግ ማለት ያለብኝ መስሎኝ። ብዙ ዓመት አብረን የኖርን ባልና ሚስት ስለሆንን መልካም ምልክት ነው፣ ግን የብርቄን መድኃኒት አያስቆምም አለች። መርፌ ቆሻሻ ውስጥ ከቆየ በኋላ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ጀምራለችና ትጨርስ አለች።

ከክፍሉ ስወጣ ብርቄ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። መድኃኒቱ ሆዴን እያገላበጠው ነው፣ የበላሁት አይረጋም አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አብሽሪ አልኳት።

«ካሳው ሄዷል» አለች።

ካሳው ባሏ ነው። ሮቢት መንገድ ዳር ሽንኩርት መኪና ላይ የሚጭን ነው። መድኃኒቱን ትራስ ሥር አግኝቶታል። ያልነገረችው ፈርታ ነው። የመድኃኒቱን ስም ለሆነ ሰው አሳይቶ፣ ሰውየው ምን እንደሆነ ሲነግረው፣ ከየት አመጣሽው ብሏል። መርፌ ወጋኝ ብላዋለች። «ቆሻሻ ስታነሺ ስንት ዓመትሽ ነው፣ እስካሁን ያልወጋሽ መርፌ ዛሬ ወጋሽ?» ብሎ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሮቢት ወንድሙ ቤት ገባ።

«አላመነኝም አያ ሰይድ። ከመርፌው ይልቅ የሱ ያመኛል።»

ልጆቿስ አልኳት። ሁለት ናቸው፣ አባታቸው ሥራ ሄዷል ብላቸዋለች።

መሄድ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ሥራም አልነበረኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የማኅበሩ ኃላፊ ቤቴ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት። ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል ተው አልኩት። ወንበር ሰጠሁት። ለዘሀራ ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ነገሩን በዙሪያው እየዞረ አመጣው።

«አያ ሰይድ፣ ያ መርፌ ካንተ ቤት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል ወይ? እንግዲህ ብርቄ ከዚያ በፊት ብዙ ቤት አዳርሳለች። ቀሚሷ ላይ ተሰክቶ ቆይቶም ይሆናል። ማንም አላየም። ለኛም ለማኅበሩ ይሄ ጉዳይ ባይነሳ... ላንተም ለቤተሰብህ ክብር...»

ልክ ነው። ማንም አላየም። እኔና እሷ ብቻ ነን። ፈቲያም የምትፈልገው ይሄንኑ ነው። እትዬ ረድያም። አይ፣ ከኔ ቤት አይደለም ብል የዘሀራ ስም ይነጻል፣ ኃላፊው ጓንት ሳይሰጣት አሠራት ከመባል ይድናል፣ ሁሉም ደህና ይሆናል። ከብርቄ በቀር።

አዎም አይደለምም አላልኩትም። አስቤበት እነግርሃለሁ አልኩ። አመስግኖ ሄደ።

ከዚያ ጆንያውን አወጣሁት። ለምን አሁን እንደሆነ አላውቅም። ዶሮ እየጫረችው ነበር፣ ምናልባት ለዚያ ይሆናል። የሥራዬን ወፍራም የቆዳ ጓንት አደረግኩ፣ ረጅሙን ፒንሳ ያዝኩ። ጀሪካኑን ከዘይቱ ባዶ አድርጌ አጥቤው አጠገቤ አቆምኩ። ጆንያውን በቢላ ሰንጥቄ የነበረበትን በአካፋ በቀስታ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ።

መርፌዎቹ በአመዱ ውስጥ ያብለጨልጫሉ። አንድ በአንድ በፒንሳ እያነሳሁ በጀሪካኑ አፍ ጣልኳቸው። አንዳንዱ ቲማቲም ውስጥ ተሰክቷል። አንዱ የፍየሎቹ ልጣጭ መካከል ነበር፤ ለእትዬ ረድያ ፍየሎች ብሰጥ ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

እያንዳንዱ አንድ ጠዋት ነው ወይ አንድ ማታ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሆዷን በጣቷ ቆንጥጣ ትወጋ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬን እያሰርኩ ነኝ። አንድ ቀን «ያምሻል?» ብያት አላውቅም። ትዝ ቢለኝ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጠይቄያት አላውቅም። ይሄም ሲገባኝ እጄ ሥራውን አላቆመም። ያነሳል፣ ይጥላል።

እንዳላመለጠኝ ለማረጋገጥ መሬቱን በማግኔት አበስኩት። የፓምፕ ብሎን ሲወድቅብኝ የምፈልግበት ማግኔት ነው። ሌላ ሦስት አራት ያዘ። ክዳኑን አጥብቄ ዙሪያውን በስኮች ጠቀለልኩት። ላዩ ላይ «መርፌ» ብዬ ጻፍኩ። ልጣጩን ለየሁ፣ ቀበርኩት። ፌስታሉንና ሃይላንዱን ለየሁ። አመሸ።

ወገቤን አመመኝ። ይሄኛው ተሰማኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጁምዓ ሰገድኩ። ከመስጊድ ስወጣ ሰዎች ሰላም አሉኝ፤ የአንዳንዱ ሰላምታ ያጥራል፤ ወይ መሰለኝ። ሞተሬን አስነስቼ ወደ ሮቢት ሄድኩ።

ካሳውን አስፋልቱ ዳር አገኘሁት። ረዥም ሰው ነው፣ ትከሻው ላይ ጆንያ አጣጥፎ ጥሎ የሽንኩርት ከረጢት ይሸከማል። ጭነት ላይ ነበሩ፣ ብዙ ሰው አለ። ለብቻ እናውራ ልለው ነበር። ከዚያ ለብቻ ብነግረው ለብቻው ነው የሚሰማው፣ ሚስቱን ያማው ሰው ግን ሁሉ እዚህ አለ ብዬ አሰብኩ። ሳላስበውም ይሆናል። ብቻ እዚያው ቆሜ ተናገርኩ።

«ካሳው፣ እኔ ሰይድ ነኝ። ብርቄን የወጋት መርፌ ከኔ ቤት የወጣ ነው።»

ከረጢቱን አወረደ። ሌሎቹም ቆሙ።

«የሚስቴ የዘሀራ መርፌ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። እሷ በጀሪካን ዘግታ ነበር የምታስቀምጠው። እኔ ገልብጬ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። ብርቄ አላወቀችም። በሬ ላይ ነው የተወጋችው፣ ዓይኔ እያየ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድኳትም እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ለዚያ ነው የተሰጣት። ለሌላ አይደለም።»

«ሚስትህ በምንድነው የሞተችው?» አለ አንዱ ከመኪናው ላይ።

«በስኳር። ኩላሊቷን ጨረሰው።»

«በምን እናምንሃለን?»

«አታምኑኝ። ከፈለጋችሁ አታምኑኝ።» ድምፄ አልጮኸም፣ ግን የኔ አልመሰለኝም። «የኔን አትመኑ። የሱን ሚስት ግን እመኗት። ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ካሳው ወደ ኔ መጣ። የሚመታኝ መሰለኝ። ቢመታኝም ግድ አልነበረኝም፣ እንዲያውም ትንሽ ፈልጌው ነበር። ፊቴ ቆሞ ትንፋሹ እየበረታ አየኝ።

«ገልብጬ ትለኛለህ? መርፌ እንደሆነ እያወቅክ?»

«እያወቅኩ። አላሰብኩም።»

«እንዴት አታስብም!»

ቆምኩለት። ከዚያ ነርሷ ነገ ጠዋት ትኖራለች፣ ና፣ እኔን ተወኝና እሷን ጠይቃት አልኩት። ከረጢቱን መልሶ ተሸከመና ሄደ። ሌሎቹም ሥራቸውን ቀጠሉ። ሞተሬ ላይ ስወጣ ከመኪናው ላይ የጠየቀኝ ሰውዬ «አላህ ይዘንላት» አለ። በስም አላውቀውም።

ማታ ፈቲያ ስትደውል የሆነውን ነገርኳት። ሰው ፊት፣ በስሟ፣ በሙሉ።

«እማዬ ብትሆን ዓርብን አትጠብቅም ነበር» አለች።

አላስቆጣኝም። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጀሪካኑን ሞተሬ ኋላ አስሬ ሄድኩ። ብርቄ አግዳሚው ላይ ነበረች። ብቻዋን። ተቀመጥኩ። ጠበቅን። ዛሬ ሆዷ ትንሽ ቆሟል፣ ቂጣ ረግቶላታል። ሰው አመጣህ ወይ አላለችኝም፤ ሮቢት መሄዴንም አታውቅም።

ካሳው ረፋዱ ላይ መጣ። ከባጃጅ ወርዶ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኔም ከሷም ሳይጠጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ብርቄ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ነርሷ ስትጠራ ሁለቱ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ብዙ ቆዩ። አንድ ጊዜ የሱ ድምፅ ጮክ አለ፣ ከዚያ ወረደ። ሲወጡ እሱ ቀድሞ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። በአጠገቤ ሲያልፍ «ወሯን እስክትጨርስ ጋሪውን እኔ እነዳለሁ በለው ለዚያ ለኃላፊዋ» አለ። ለምን ለኔ እንደነገረኝ አላውቅም፤ ለሷ በቀጥታ መናገር ገና ስላልቻለ ይመስለኛል። እሷ ከኋላው ቆማ ሰምታዋለች። «አልታመምኩም፣ ራሴው እነዳለሁ» አለች። «ጓንት ይስጡኝ እንጂ።»

አብረው ሄዱ። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ግን አብረው።

ነርሷ ጀሪካኑን ተቀበለችኝ፣ ነቅነቅ አድርጋ አየችውና እንዲህ ነው አለች። ከጓሮ ያለው ማቃጠያ ዘንድ ተከተልኳት፤ ሠራተኛው ራቅ በል ጭሱ መጥፎ ነው አለኝ። ከሩቅ ቆሜ አየሁ። ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ነፋሱ ወደ ዞብል ተራራ በኩል ወሰደው። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፀሐይ ብቻ ነበረች። ሞቃት ነበረች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሄጄ ለኃላፊው መልሴን ሰጠሁት። ከኔ ቤት ነው አልኩት። ሰፈሩ ውስጥ መርፌ የሚወጉ የስኳር በሽተኞች ብዙ ናቸው፣ ለሁሉም ይነገር፣ መርፌ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፣ በወፍራም ፕላስቲክ ይጠራቀምና ጤና ጣቢያ ይውሰዱት በሉ አልኩት። ለሠራተኞቹም ጓንት ይገዛላቸው። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። እሺ አለ። ያደርገው እንደሆነ እናያለን።

እሑድ፣ የካቲት 9

እትዬ ረድያ ተቆጥተዋል። ሮቢት የተናገርኩትን ሰምተዋል። ምሳ አላመጡም። እኔም የሚገባኝ ስላልመሰለኝ አልጠበቅኩም። ከሰዓት ልጣጭ ይዤ በአጥሩ ጠራኋቸው። ራሴ ነኝ ድንች የቀቀልኩት፣ ልጣጩን በሳህን ለይቼ።

«ለፍየሎቹ» አልኳቸው። «በደንብ አይቼዋለሁ። ምንም የለበትም።»

ሳህኑን ይዘው ቆዩ። በጣታቸው እየገለጡ አዩት፣ እያንዳንዱን።

«የሚያሙት ሴቶች ቤት ዛሬ ሄጄ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዘሀራን ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ ገላዋን የማውቀው እኔ ነኝ፣ የስኳር ቁስሏን ያየሁት እኔ ነኝ፣ የሚያወራ ካለ እኔ ፊት ያውራ ብያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ! ዝም አሉ።»

ከዚያ የቀቀልኩት ድንች ጨው አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ረስቼዋለሁ። ሳቁብኝ። ጨው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ብርቄ ራሷ መጣች። እጇ ላይ አዲስ ጓንት አለ፣ ይበልጣታል፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ተጣጥፈዋል። ካሳው ከሥራው በፊት አህያዋን ይዞ ጥጉ ላይ ቆሟል። ወደ በሬ አልመጣም። እጄን አነሳሁለት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ወይም አህያዋ ነች የነቀነቀችው፣ ከሩቅ አልለየሁትም።

በሩ ላይ የኔን ጆንያ አስቀምጬ ነበር። አጠገቡ ቆመች፤ አልነካችውም። እንደ ድሮው ጀርባዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች ብዬ ነበር። እጇን ወገቧ ላይ፣ የተወጋችበት ቦታ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ውስጡ ምን አለ አያ ሰይድ?»

ነገርኳት። የተቀደደ ፌስታል አለ፣ ያረጀ ጨርቅ አለ፣ የፓምፕ ጎሚኒ አለ፣ የሻይ ዝቃጭ አለ። አመዱ ለብቻው ነው፣ ሃይላንዱን ለቆራሌው አስቀምጬዋለሁ። የተሰበረ ነገር የለም። ራሴ አንድ በአንድ ነው ያስገባሁት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ዓይኔን ከሷ አላነሳሁም። ለዘሀራ ቀብር እንኳ እንዲህ አልፈራሁም ነበር።

ጎንበስ ብላ የጆንያውን አፍ በሁለት እጇ ያዘች። ከሰውነቷ አራቀችው። አነሳችው።

ምርመራዋ ገና ነው፣ ሳምንታት ይቀራሉ። ጋሪው ጥጉን እስኪዞር በሬ ላይ ቆሜ አየሁ።